ካሜራህ አልተበላሸም

ሰላም ወዳጄ፣ «ጥቁሩ ውሻዬ ከሰማይ ፊት ሲቆም ጥላ ብቻ ይሆናል፤ ነጭ ወፍ ሳነሳ ደግሞ ላባዋ ይጠፋል» ብለህ ለጠየቅኸው፦ ካሜራህ ጤነኛ ነው። የብርሃን መለኪያው ፊቱ ያለውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚቆጥር ብሩህ ሰማይ ሲያይ ምስሉን ያጨልማል፣ ጥቁር ውሃ ሲያይ ያነጣል። ስለዚህ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን (ወደ + ምስሉን የሚያነጣውን፣ ወደ − የሚያጨልመውን) ራስህ አዙረው። ውሻው ሰማይን ተደግፎ ከቆመ ከ+1 እስከ +2፣ ነጯ ወፍ ጥቁር ውሃ ላይ ከሆነች −1 አካባቢ። ውሻው ምስሉን ሞልቶት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወደ − ካልወረድክ ጥቁሩ ፀጉር አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። እኔን ለረጅም ጊዜ ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

በነጭ ላባ አትቀልድ። ከመጠን በላይ ከነጣ በኋላ የጠፋውን ዝርዝር ኮምፒውተር አይመልሰውም፤ በመጠኑ የጨለመ ምስል ግን በሮው ፋይል (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) ከተነሳ ይታረማል። አንድ ሁለት አንስተህ ሂስቶግራሙን (ከግራ ጨለማውን፣ ከቀኝ ብሩሁን የሚያሳየውን ግራፍ) ተመልከት፤ የቀኝ ጠርዙ ላይ ከተከመረ ቀንስ። የስክሪኑን ድምቀት አትመነው፣ ፀሐይ ላይ ይዋሻል።

ለሚበር ወፍ መዝጊያውን 1/2000 ሰከንድ አድርገው፤ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ቢል ግድ የለም፣ ከብዥታ ይሻላል። ወፏ ከውሃው ወደ ሰማይ ስትነሳ የሚለወጠው ከኋላዋ የሚታየው ነው እንጂ እሷ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ አይደለም። ስለዚህ መዝጊያውን፣ የሌንሱን ቀዳዳና አይኤስኦውን በእጅህ አስተካክለህ ቆልፋቸው፤ ደመና ሲመጣ ብቻ እንደገና ለካ።