መልስ፦ በተጠለፈ የቴሌግራም አካውንት ገንዘብ መቀበል በሕግ ምን ያስቀጣል?

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ላይ ሱቅ ያላቸው ወንድምዎ የቴሌግራም አካውንታቸው ተጠልፎ፣ ጠላፊው በእሳቸው ስም ከደንበኞቻቸው በቴሌብር ገንዘብ እንደተቀበለ ገልጸው ቅጣቱን ጠይቀዋል።

ድርጊቱ ከአንድ በላይ ወንጀል ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 መሠረት፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ ሆን ብሎ መግባት ብቻውን፣ አንድ ብር እንኳ ባይወሰድ፣ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። ራስን እንደ ሌላ ሰው አቅርቦ ሰዎችን በማሳሳት ገንዘብ እንዲልኩ ማድረግ ደግሞ በአንቀጽ 10 የተመለከተ የማታለል ወንጀል ሲሆን፣ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ነው። በእኔ እምነት ዋናው ክስ ይህ ነው፤ ተጎጂዎቹም ገንዘቡን የላኩት ደንበኞች ጭምር ስለሆኑ፣ ከወንድምዎ ጋር ሄደው ለፖሊስ ቃላቸውን ቢሰጡ ጉዳዩ በእጅጉ ይጠነክራል።

አደራ፣ የተጻጻፉት መልእክት እንዳይጠፋ፤ የቴሌብር ደረሰኙ ከነግብይት ቁጥሩ ይቀመጥ። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒውተር ትራፊክ ዳታን (ግንኙነቱ ከየት ወደ የትና መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መረጃ) ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ብቻ ስለሚያስገድድ፣ አቤቱታው በዘገየ ቁጥር ጠላፊውን በዚህ መንገድ ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ ወንድምዎ ዛሬውኑ ለፖሊስ ያመልክቱ።