በአንጎል ደም መልስ ውስጥ ደም ከረጋ በኋላ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በወለደች በሦስተኛ ሳምንቷ በአንጎሏ ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ስር) ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። ትድን ይሆን?

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎ፤ ተስፋው ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት 624 ታማሚዎችን ተከታትሎ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ በደንብ ማገገማቸውን አሳይቷል። የሚያሰጋው ራስን መሳት፣ በአንጎል ጥልቅ ውስጥ ያለው ደም መልስ መዘጋት፣ ካንሰር ወይም የአንጎል ኢንፌክሽን ሲኖር ነው።

ጥያቄ፦ ሲቲ ስካኑ መድማት እያሳየ እህቴ ሄፓሪን ተጀመረላት። ደም ማቅጠኛ አያባብስባትም?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ያደማው የመውጫው መዘጋት ነው፤ ደሙ መመለሻ ሲያጣ ግፊቱ ትንንሾቹን ስሮች ያፈነዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መድማት ሄፓሪን አያስከለክልም።

ጥያቄ፦ ደም ማቅጠኛውን ኪኒን ዋርፋሪንን እስከ መቼ ነው የምወስደው? በጾሙ አይኤንአሬ (ደሜ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው ቁጥር) ወደ 1.4 ወረደ።

መልስ፦ እንደ ወሊድ ያለ አላፊ ምክንያት ካለው ከ3 እስከ 6 ወር፣ ምክንያቱ ካልታወቀ ከ6 እስከ 12 ወር፤ ከተደጋገመ ወይም አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም (ሰውነት ራሱን እያጠቃ ደምን የሚያረጋ በሽታ) ካለ ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። አይኤንአር ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ 1.4 አይከላከልልዎትም፤ ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የሐበሻ ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ጉልበት ይሰብራል። ጎመኑን ይተዉ አልልም፤ ጾምም ሆነ ፍስክ መጠኑን አይለዋውጡ። ጾም ሲገባና ሲፈታ በሳምንቱ ይመርመሩ፣ ምክንያቱም ጎመኑ ሲቀር አይኤንአር ይወጣና መድማት ይመጣል። ፀረ-ተሕዋስያኑ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል አይኤንአርን ከፍ ያደርጉታል፣ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ዝቅ ያደርገዋል። የህመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ጨጓራ ያደማሉና ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙ። የረሱትን ኪኒን በዚያው ቀን ይውሰዱ፤ ቀኑ ካለፈ ግን ደርበው አይዋጡ።

ጥያቄ፦ ራስ ምታቱ ወራት አልፎትም አለቀቀኝም።

መልስ፦ ብዙዎች ራስ ምታት፣ ድካምና መርሳት ለወራት ይቆይባቸዋል። ጋደም ሲሉ የሚብስ፣ ከትውከት ጋር የሚመጣ፣ ዕይታ የሚያደበዝዝ ወይም እንደሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጥ ከሆነ ግን በዕለቱ ሆስፒታል ይሂዱ። ባይብስም የዓይን ሐኪም የዓይንዎን ጀርባ ይይልዎት፤ የጭንቅላት ግፊት የዓይን ነርቭን ሳያሳምም ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ደግሜ መውለድ እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ግን ከሐኪም ጋር ታቅዶ። ዋርፋሪን ጽንሱን ስለሚጎዳ ወር አበባ እንደቀረ ተመርምረው ወደ ኢኖክሳፓሪን (የሄፓሪን ዓይነት) መርፌ ይዛወራሉ። መድኃኒቱን የጨረሱም ቢሆኑ መርፌው በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ 6 ሳምንት ያስፈልግዎታል። እስከዚያው ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ፈጽሞ አይውሰዱ፤ በማህፀን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ይሻላል። ጡት ሲያጠቡ ዋርፋሪን መውሰድ ይችላሉ።