የብር መስቀል በስልክ ሲነሳ፦ ካርቶን፣ አቡጀዲና የምስር ከረጢት

ጥያቄው የመጣልኝ ጎንደር አጠገብ ካለችው ከአዘዞ ነው። ጠያቂዋ የአንጥረኛ ልጅ ናት፤ አባቷ የሚሠራውን የብር መስቀል፣ ጉትቻና ሐብል በስልኳ እያነሳች በቴሌግራም ትሸጣለች። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ በእጅ ሲይዙት የሚያበራው መስቀል ፎቶ ላይ ጥቁርና ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ፍላሽ ሳበራ ደግሞ መሃሉ ላይ ነጭ እሳት የነደደ ይመስላል፣ ቅርጹም ይጠፋል። ማታ የማነሳው ሁሉ ቢጫና የደበዘዘ ነው። የስቱዲዮ መብራት ጠይቄ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ቤት ባለኝ ነገር ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ስልክሽ ምንም አልሆነም፤ የአባትሽም እጅ ጉድለት የለበትም። ችግሩ የተወለወለ ብር መስታወት መሆኑ ነው። ሸክላ ወይም ጥልፍ ስታነሺ ብርሃኑ ዕቃው ላይ አርፎ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ስለዚህ ዕቃው ራሱ ይታያል። ብር ግን ብርሃንን በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመልሰዋል። መስቀሉ ላይ ያየሽው ጥቁር ነገር የጨለመው ክፍልሽ፣ የለበስሽው ልብስና የያዝሽው ስልክ ነው። ነጩ እሳትም ራሱ ፍላሹ ነው፤ ከሌንሱ አጠገብ ወጥቶ ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ገባ። ስለዚህ የምናስተካክለው ብሩ የሚያየውን ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ ካርቶንና ጨርቅ ይበቃል።

እኔም የተማርኩት በሥራ ላይ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ፒያሳ ስቱዲዮ ስሠራ አንድ ደንበኛ የእጅ መስቀል እንዳነሳላቸው አመጡ። ግማሽ ቀን ሙሉ በየፎቶው የመስቀሉ ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር ይወጣብኛል። መስቀሉን ወለወልኩ፣ ሌንሱን ጠረግኩ፣ ፊልም ቀየርኩ። በኋላ ረዳቴ በካሜራው እያየ ሳለ ውሃ ልጠጣ ዞር ስል «ጠፋ!» አለኝ። መስመሩ የለበስኩት ቀይ ሹራብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብር ሳነሳ ነጭ ወይም ጥቁር ካልሆነ አልለብስም፤ አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሱቅ ባዶ የፓስታ ወይም የዘይት ካርቶን ለምኚ። ሁለት ስንዝር ያህል ስፋት ካለው ለመስቀልም ለሐብልም ይሆናል። ክፍቱ ፊት ወደ አንቺ እንዲዞር በጎኑ አስተኚው። ግራውን፣ ቀኙንና ላዩን፣ ዙሪያውን ሁለት ጣት ጠርዝ እያስቀረሽ፣ በምላጭ ቁረጪና መስኮት አውጪላቸው። ጠርዙ ከዚያ ካነሰ ካርቶኑ ይላላል። መስኮቶቹን ከውጭ በኩል በነጭ አቡጀዲ ሸፍነሽ በፕላስተር አጣብቂ፤ ቅዳሜ ገበያ አንድ ሜትር ብትገዢ ይተርፍሻል። ቤት ያለ ነጠላም ይሠራል፤ ግን ስስ ስለሆነ ሁለት እጥፍ አድርጊው፣ ጥለቱንም ወደ ውጭ አስቀሪው፤ የጥለቱ ቀለም ብሩ ላይ ቁጭ ይላል። ጨርቁ ወደ ክሬም ካዘነበለ ፎቶውም ያዘነብላል፤ ስለዚህ ንጹሕ ነጭ ይሁን። ውስጡ ወፍራም ነጭ ወረቀት ከኋላው ግድግዳ አናት ላይ ለጥፈሽ ወደ ታች ልቀቂው፤ ወለሉ ላይ ሳይታጠፍ ጎብጦ ይረፍ። ከታጠፈ ከመስቀሉ ጀርባ መስመር ይታያል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ፊት ለፊቱን ነው። ሦስቱ ጎን ነጭ ሆኖ ፊቱ ከተከፈተ መስቀሉ አሁንም አንቺን ያያል። ስለዚህ ክፍቱ ላይ ሌላ ነጭ ወረቀት አንጠልጥለሽ የስልኩ ሌንስ ብቻ የሚያይበት ቀዳዳ አውጪ፤ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ይበቃል። ስልኩን ቀዳዳው ላይ አስጠግተሽ ነው የምታነሺው።

መስቀሉን አስገብተሽ መጀመሪያ ስታዪው ደስ አይልሽም። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ስለሆነ መስቀሉም ነጣ ብሎ፣ ተጠፍጥፎ፣ ፕላስቲክ መስሎ ይታያል። ብዙዎች እዚህ ደርሰው ይተዉታል፤ አንቺ ግን አትተዪው፣ ምክንያቱም ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁለት ጣት ስፋትና አንድ ስንዝር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጭ ጥቁር ወረቀቶች አዘጋጂ፤ ከሌለሽ ያረጀ ጥቁር ካልሲ ቆርጠሽ ካርቶን ላይ ለጥፊ። አንዱን ከመስቀሉ በስተግራ፣ ከፎቶው ክልል ውጭ አቁሚው። ከዚያ ዓይንሽን ከስልኩ ሳትነቅዪ ቁራጩን በዝግታ ወደ መስቀሉ አስጠጊ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ በመስቀሉ ክንድ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሳባል፤ ክንዱም ከወረቀቱ ተነጥሎ ብድግ ይላል። እዚያው አቁሚው። ካለፍሽ መስመሩ ይሰፋና መስቀሉን ይበላዋል። በስተቀኝም እንዲሁ። ጥልፍልፍ ቅርጽ ላለው መስቀል ሦስተኛ ቁራጭ ከላይ አቡጀዲው ላይ ጣል አድርጊ፤ ጥላው መስመሮቹ ውስጥ ይገባና የመሮው ጭረት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ወረቀቱ ነጭ ስለሆነ ስልኩ ተታሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። ስክሪኑ ላይ መስቀሉን በጣትሽ ነክተሽ ፎከሱ ከያዘ በኋላ የምትመጣውን የብርሃን ምልክት ወደ ላይ ትንሽ ግፊ፤ ወረቀቱ ከግራጫ ወደ ነጭ ሲመጣ አቁሚ። ከዚያ በላይ ከሄድሽ ቅርጹ ይቃጠላል። ሁልጊዜ ነጭ ላይ አታንሺ ደግሞ፤ ከዚያው ከጎንደር አጠገብ፣ ከወለቃ የሚመጣ ያልተወለወለ ጥቁር ሸክላ ለብር እንዴት ያለ ጀርባ ነው! ራሱ አያንጸባርቅም፣ ብሩንም ያደምቀዋል።

ቀን ላይ ብርሃኑን ከመስኮት ውሰጂ። ካርቶኑ በጎኑ ወደ መስኮቱ ይዙር፤ በሌላው ጎን ደግሞ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም አቁሚ፣ ብርሃኑን ይመልስልሻል። የአልሙኒየም ፎይል ለዚህ አታድርጊ። ሰው ስታነሺ ካርቶን ላይ ለጥፈሽ ከአገጭ በታች ብትይዢው ጥሩ ነው፤ ለብር ግን የፎይሉ ጭምትርት ሳይቀር ይታያል። ስለ መስኮት በየምክሩ የምትሰሚው «የሰሜን መስኮት ፈልጊ» የሚለው ለአውሮፓ የተነገረ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናት፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ። በኅዳር ደህና የነበረው የሰሜን መስኮት በግንቦት ፀሐይ ይገባበታል። ስለዚህ ቦታሽን እንደ ወሩ ቀያይሪ፤ የምትፈልጊው ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበትን ነው። ክረምት ላይ ግን ደመናው ራሱ ከሰማይ የተዘረጋ አቡጀዲ ነው። ሐምሌ ላይ በረንዳ ተቀምጬ ያነሳኋቸውን የጌጥ ፎቶዎች በመብራት ካነሳኋቸው አላሳንሳቸውም።

ማታ ቢጫ የሚሆንብሽ ሁለት ዓይነት ብርሃን ስለሚደባለቅ ሊሆን ይችላል። የጣሪያውን አምፖል አጥፊ። ካርቶናቸው ላይ 6500 የሚል ቁጥር ያለባቸው (የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ ማለት ነው) አንድ ዓይነት ሁለት የኤልኢዲ አምፖሎች ግዢና በግራና በቀኝ፣ ከአቡጀዲው አንድ ክንድ ያህል አርቀሽ አብሪያቸው። በጣም ከቀረቡ ጨርቁ መሃል ላይ ብቻ የደመቀ ክብ ይሠራሉ፤ ብሩም ያንኑ ክብ ያሳይሻል። ጨርቁ ዳር እስከ ዳር እኩል ሲበራ ነው ልክ የሚሆነው። የድሮውን ባለ ክር አምፖል ካርቶንና ጨርቅ አጠገብ እንዳታደርጊ፣ ይነድዳል። መብራት ሲጠፋ ሻማ አምጥተሽ ለመጨረስም አትሞክሪ፤ ለነገ ይደር። ፎቶው ላይ አግድም የሚሄዱ ጥቁር ሰንበሮች ካየሽ መንስኤው አምፖሉ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ስልክሽ «ፕሮ» የሚል አማራጭ ካለው ስልኩ ዓይኑን የሚከፍትበትን ጊዜ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጊው፣ ሰንበሩ ይጠፋል።

መደብዘዙ ደግሞ የእጅሽ መንቀጥቀጥ ነው። ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ዓይኑን ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል፤ በዚያ መሃል የሚንቀሳቀስ እጅ ሁሉንም ያበላሻል። ትራይፖድ አትግዢ። ከአሮጌ ጂንስ አንድ እግር ቆርጠሽ ሁለት ስንዝር ያህል ከረጢት ስፊ፤ ምስር ክክ ሙዪበት፣ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ። ሙሉ ከሞላሽው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ጎድሎ ሲቀር ነው ስልኩን አቅፎ የሚይዘው። ጤፍ ሞክሬ ነበር፤ በስፌቱ ሾልኮ ይወጣል፣ አቧራውም ሌንስ ላይ ያርፋል። ሽምብራ ደግሞ ስልኩን ያንገዋልለዋል። ከረጢቱን ሌንሱ ከወረቀቱ ቀዳዳ ጋር እስኪገጥም ድረስ መጻሕፍት ላይ አስቀምጪና ስልኩን ቆም አድርገሽ አስምጪበት። ስልኩን ራሱን አትንኪው፤ ባለ ገመድ ማዳመጫ ካለሽ ሰክተሽ የድምፅ መጨመሪያዋን ተጫኚ፣ በብዙ ስልኮች ላይ ፎቶ ታነሳለች። ካልሆነ የሦስት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቀሚ። ስልክ ሳይሆን ካሜራ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች፣ ከካሜራው ሥር ያለው ባለ ጥርስ ቀዳዳ የሩብ ኢንች ብሎን ይወስዳል፤ ብሎኑ ላይ ገመድ አስራችሁ ጫፉን በእግራችሁ ረግጣችሁ ወደ ላይ ብትወጥሩት መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ብሎኑ ግን ከ5 ሚሊሜትር በላይ አይግባ፣ ካሜራውን ይወጋዋል።

ቅርብ ለማንሳት የአባትሽን ማጉያ መነጽር ተዋሺ። ስልኩ ሌንስ ላይ ለጠፍ አድርገሽ ብትይዢው የጉትቻው ጥቃቅን ቅርጽ ሳይቀር ይወጣል፤ ጥርት የሚለው መሃሉ ብቻ ነው፣ ዳሩን በኋላ ትቆርጪዋለሽ። ከማንሳትሽ በፊት የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረጊ። መስቀሉንም በጨርቅ ያዢው፤ የጣት አሻራ በቅርብ ሲታይ እንደ ጉም ነው።

ስለ ማጽዳት አልጠየቅሽኝም፣ ግን ብዙ ሰው ሲያበላሽ ስላየሁ ዝም ማለት አልችልም። የጥርስ ሳሙና ብርን ይጭራል፣ ተዪው። የጠቆረ ብር ከፎይልና ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ግን በእርግጥ ይሠራል፤ ጥቁረቱ ብር ከድኝ ጋር ሲዋሃድ የሚመጣ ስለሆነ አልሙኒየሙ ድኙን ይቀበለዋል። ነገር ግን ከቅርጹ መስመሮች ውስጥ ያለውንም ጥቁረት ጠርጎ ይወስደዋል፤ ፎቶ ላይ ቅርጹን የሚያስነብበው ደግሞ እሱ ነው። አባትሽን ሳትጠይቂ አንዱንም እንዳትነክሪ።

ለገዢ ስትልኪ መጠኑ እንዲታወቅ አንዱን ፎቶ መዳፍ ላይ አድርገሽ አንሺ። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ከላክሽው ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ ቻናሉ ላይ ተራውን ለጥፊና ቅርጹን በደንብ ማየት ለሚፈልግ ደንበኛ ያንኑ ፎቶ በ«ፋይል» አድርገሽ ላኪለት።