መገንጠያው ጣቢያ ላይ ስንት ሐዲድ ይበቃል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎቹም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ ሀረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ቀላል ባቡር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለሁለት ይገነጠላል። አንዱ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ሌላው በባቲ መንገድ። በዋናው መስመር በየ5 ደቂቃው፣ በየቅርንጫፉ በየ10 ደቂቃው ባቡር አለ። መገንጠያው ጣቢያ ላይ ሁለት ሐዲድ ይብቃው ወይስ አራት? አማካሪሽ "ለማንኛውም አራት አድርጊው" ብለውሻል።

እኔ ሦስት እላለሁ። አብሽሪ፣ ለማስታረቅ ብዬ አይደለም።

ያደግሁት እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ተማሪ ሳለሁ ክረምት ክረምት የሚኒባስ ረዳት ነበርኩ። በኋላ ውጭ አገር በአንድ የከተማ ባቡር መቆጣጠሪያ ክፍል 7 ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። የቱ ከተማ እንደሆነ ይለፈኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ስለ መገንጠያ ዋናውን ነገር የተማርኩት በረዳትነቴ ነው።

ኮምቦልቻ ቆሞ ደሴ መሄድ የሚፈልግ ሰው መኪናው ከባቲ ይምጣ ከከሚሴ ግድ የለውም። ቀድሞ የሚነሳውን ነው የሚፈልገው። ከደሴ ወርዶ ባቲ የሚሄደው ግን ሌላ ነው። እሱ ባቲ የሚል ታፔላ ካላየ አስር መኪና ቢያልፍ አይነቃነቅም። የአንድ መንገድ ሁለት አቅጣጫ ናቸው፤ የተሳፋሪው ጠባይ ግን ለየቅል ነው። የባቡሩም ጠባይ እንደዚያው። ቁልቁል ሲወርድ ባቡሮቹ ይለያያሉ። ሽቅብ ሲወጣ ይገናኛሉ። ሲለያዩ ማንም ማንንም አይጠብቅም ማለት ይቻላል። ሲገናኙ ግን አንዱ የግድ ይጠብቃል። ስለዚህ ለሁለቱ አቅጣጫ አንድ ዓይነት ጣቢያ መሥራት ለእኔ ስሜት አይሰጠኝም።

መጀመሪያ ቁልቁሉን እንይ። ከደሴ የመጣው ባቡር ሁሉ፣ የፓርኩም የባቲ መንገዱም፣ በአንድ ሐዲድ ይግባ፣ በአንድ ፕላትፎርም ይቁም። ተሳፋሪው አንድ ቦታ ቆሞ ታፔላውን ያነባል። የኔ ካልሆነ ይለፈኝ ይላል፣ በቃ። አዲስ አበባ ስትሄጂ ከስታዲየም እስከ ልደታ ተሳፍረሽ እዪው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ጀምሮ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች እዚያ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ሜክሲኮ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው የአያቱም የቃሊቲውም ባቡር የሚመጣለት በዚያው ሐዲድ ነው። የኮፐንሃገን ሜትሮም በ2002 እ.ኤ.አ. ሲከፈት እንዲሁ ነው የተሠራው። ሁለቱ መስመሮች እስከ ክርስቲያንስሃውን አብረው ሄደው ከዚያ ወዲያ ይለያያሉ። ባቡሮቹ ሹፌር እንኳ የላቸውም።

ሽቅቡ ላይ ነው ነገሩ። ከፓርኩ የመጣው ባቡር ፕላትፎርሙ ላይ በሩን ከፍቶ ሰው እየጫነ ነው እንበል። ከባቲ መንገድ የመጣው አርፍዶ በዚያው ሰዓት ደረሰ። ሐዲዱ አንድ ከሆነ ሁለተኛው ከጣቢያው ውጭ ቀይ መብራት ላይ ይቆማል። ጣቢያው ከፊቱ ይታያል፣ በሩ ግን ዝግ ነው። ይህን ለ7 ዓመት በስክሪን አይቼዋለሁ። የምንደውልለት ሹፌር ሁሌ የሚለን አንድ ነገር ነበር፤ "ሰዉ በሩን እየደበደበ ነው።" ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ መጠበቅና ሁለት ደቂቃ ተዘግቶ መጠበቅ አንድ አይደለም።

ስለዚህ ለሽቅቡ ሁለት ሐዲድ ስጪው፣ መሃላቸው ላይ ሰፋ ያለ አንድ ፕላትፎርም። የፓርኩ ባቡር በግራ፣ የባቲ መንገዱ በቀኝ ይግባ። ደሴ የሚሄደው ሰው መሃል ቆሞ ቀድሞ በሚነሳው ይሳፈራል። የሚጠብቀውም ባቡር በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፣ እግረ መንገዱን ሰው ይጭናል። ቁልቁል አንድ፣ ሽቅብ ሁለት፤ ይኸው ሦስት።

አራት ሐዲድስ ምን ይጎዳል ትይ ይሆናል። መሬቱን ተዪውና (ከሦስቱ ጋር ሲነጻጸር 8 ሜትር ገደማ ተጨማሪ ስፋት ነው፣ ኮምቦልቻ መሃል የካሳውን ነገር አንቺው ታውቂዋለሽ) ሰዉን ያንከራትተዋል። እኔ የሠራሁበት መስመር ላይ አንድ ባለ አራት ሐዲድ መገንጠያ ነበር። ከዋናው መስመር የሚመጡት ባቡሮች እንደየቅርንጫፋቸው በተለያየ ፕላትፎርም ነበር የሚገቡት። ከመገንጠያው በኋላ ወደ የትኛውም ቅርንጫፍ ቢሄድ የሚሆንለት ሰው ብዙ ነበር፤ ሁለቱ የሚቀራረቡ ሰፈሮች ነበሩና። እሱ የት ይቁም? ደረጃው ላይ ይቆማል። ሰሌዳው ቁጥር ሲያወጣ ሁሉም ይሮጣል። አንድ ማታ እኔ ራሴ በመጨረሻው ደቂቃ ፕላትፎርም ቀየርኩ። በካሜራ ስመለከት አንዲት አሮጊት ደረጃው ላይ ወደቁ። ተነስተው ሄዱ፣ አልተጎዱም። እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የለንደኑ ካምደን ታውን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም የዚህ ዘመድ ነው። የሁለቱ የሰሜን ቅርንጫፎች ፕላትፎርም ለየብቻ ነው። ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ከሁለቱም በኩል ባቡር ስለሚያገኝ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ሰሌዳ ያያል። አየሽ፣ እዚያ ችግሩ ሽቅብ ባልነው፣ በመገናኛው አቅጣጫ ነው። ሁለቱን ሐዲዶች በአንድ ፕላትፎርም ግራና ቀኝ ብታደርጊያቸው ግን መሮጥ አይኖርም።

በሐቅ ለመናገር አማካሪሽም ያለ ምክንያት አይደሉም። የባቲ መንገዱ ቅርንጫፍ ቢዘጋ፣ ወደዚያ የሚሄደው ባቡር ብቸኛውን የቁልቁል ሐዲድ ይዞ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው የፓርኩ ባቡርም አብሮ ይታሰራል። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚሄደው ግመል መንገዱን ሲሞላው ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። ግን ባቡሩ በየ5 ደቂቃው ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ የባቲ መንገዱን ባቡር ከአንድ ጣቢያ በፊት በጎን ሐዲድ ማቆየት ይቻላል። በየ2 ደቂቃው ቢሆን ኖሮ ከእሳቸው ጋር እቆም ነበር።

አሁን ወደ ማቋረጫው። ቅርንጫፉ ወደ ግራ ይታጠፍ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ባለ ጥንድ ሐዲድ መስመሮች መሬት ላይ ሲለያዩ አንዱ አቅጣጫ የሌላውን ተቃራኒ ሐዲድ መቁረጡ አይቀርም። ለምሳሌ ወደ ባቲ መንገድ የሚወርደው ከፓርኩ የሚወጣውን ይቆርጣል። አንድ ባቡር ሲያልፍ ማቋረጫውን አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይይዘዋል ብለሽ አስቢ። የአንቺ መስመር በሰዓት ቁልቁል 12 ባቡር ነው፣ ከእነሱ የሚቆርጡት 6 ብቻ። ሰዓቱን አስማምተሽ ካወጣሽው መሬት ላይ ያለ ማቋረጫ ይበቃሻል፤ ለድልድይ ገንዘብ አታውጪ። ግን ቦታውን ያዢለት። ቺካጎ ቤልሞንት አካባቢ እንዲህ ያለ ማቋረጫ ላይ ባቡሮች ሲጠባበቁ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረው፣ መሻገሪያው ድልድይ የተከፈተው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ መሃል ሰፈሩ በቤት ሞልቶ ነበርና ቤት ማፍረስ ግድ ሆነ።

ስለ ዳገቱ ትንሽ ልበል፣ ስዕልሽ ላይ አላየሁትምና። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ በአማካይ በሺህ 25 ያህል፣ ማለትም በየሺህ ሜትሩ 25 ሜትር። ቀላል ባቡር ይችለዋል፣ በሺህ 60 የሚወጡም አሉ። ፕላትፎርሙና የሐዲድ መቀየሪያዎቹ ግን ሜዳና ቀጥ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። ፕላትፎርሙ ከታጠፈ በባቡሩ በርና በጠርዙ መሃል ክፍተት ይፈጠራል፣ የልጅ እግር የሚያስገባ። 60 ሜትር ባቡር ካሰብሽ መቀየሪያዎቹን ጨምሮ 200 ሜትር ሜዳ ፈልጊ። ከሀረጎ ግርጌም ራቅ አድርጊው። ዝናብ በመታው ሐዲድ ከዚያ ቁልቁለት የሚወርድ ባቡር ለፍሬን ሰፊ ቦታ ይሻል።

አንዱን ቅርንጫፍ በእጥፍ ማብዛት ካሰብሽ፣ ማለትም ሁለት ለፓርኩ አንድ ለባቲ መንገድ፣ ተጠንቀቂ። የፓርኩ ሰው አንዴ 5 ደቂቃ አንዴ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። ለፈረቃ ሠራተኛ ይህ አይመችም። እኩል ማድረጉ ይሻላል፣ ትርፉን በፉርጎ ብዛት ተወጪው።

ከፓርኩ ባቡር ወርዶ ወደ ባቲ መንገድ የሚቀይር ሰው በሦስቱ ሐዲድ አሠራር በመሻገሪያ ድልድይ ማለፍ አለበት። ቁጥሩ ብዙ ይሆናል ብለሽ ካሰብሽ ንገሪኝ። በቁልቁሉና በሽቅቡ ሐዲድ መሃል ሌላ ፕላትፎርም ብታስገቢ ደረጃ ሳይወጣ ይቀይራል፤ ያኔ የፓርኩ ባቡር በሁለቱም ጎን በሩን ይከፍታል።

ስዕሉን አስተካክለሽ ስትለጥፊ ከፕላትፎርሙ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መቀየሪያ ያለውን ርቀት ጻፊበት። አሁን ባለው ላይ 300 ሜትር ይመስላል፣ ያ በጣም ሩቅ ነው።