ሪስታርት ያደረጉት ወርከር ብቸኛው ላይሆን ይችላል

ጥያቄዎን አነበብኩት። በጃንጎ (በፓይተን የድረ-ገጽ ሲስተም መሥሪያ) በተሠራው ሲስተምዎ ላይ የኤስኤምኤሱን ጽሑፍ ቀይረው ገጹ አዲሱን ቢያሳይም፣ ሴለሪ (ሥራዎችን ወርከር በሚባሉ ፕሮግራሞች ከጀርባ የሚያስፈጽም መሣሪያ) የሚልከው መልእክት አንዴ አዲሱ፣ አንዴ አሮጌው እየሆነ እንዳስቸገረዎ ጽፈዋል። እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ስለሆነ ችግሩ አንድ ነው ብዬ እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ ራንሰርቨር (የጃንጎ የመሞከሪያ ሰርቨር) ፋይል በተቀየረ ቁጥር ራሱን ስለሚያስነሣ ወርከሩም እንደዚያው ያደርጋል ብለው አይጠብቁ። ወርከር ሲነሣ ያነበበውን ኮድ ሜሞሪ ላይ ይዞ እስኪዘጋ ድረስ በዚያው ይሠራል። ኮድ ሲቀየር ወርከሩን በራሱ የሚያድሰው የቀድሞው የአውቶሪሎድ አማራጭ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሴለሪ 4 ላይ ስለተሰረዘ፣ እሱን የሚመክሩ የድሮ ጽሑፎችን ይለፏቸው። ላፕቶፕ ላይ ፋይል ሲቀየር ወርከሩን እንደገና ለማስነሣት ዋችዶግ የተባለው የፓይተን ፓኬጅ ይበቃል፤ ሰርቨር ላይ ግን አዲስ ኮድ በተጫነ ቁጥር ወርከሩን ሪስታርት ከማድረግ ሌላ መንገድ የለም።

ሁለተኛ፣ ሪስታርት አድርጌያለሁ የሚሉ ከሆነ፣ የትኛውን ወርከር? ገላን አካባቢ ላለ አንድ መጋዘን የሠራሁት ሲስተም የጭነት መኪና ሾፌሮች በየትኛው በር እንደሚገቡ በኤስኤምኤስ ይነግራል። በሩ ተቀይሮ ጽሑፉን ካስተካከልኩ በኋላም ከሾፌሮቹ ገሚሱ ወደተዘጋው በር እየሄደ ጥሩምባ ሲነፋ ይውላል። የአይቲ ክፍሉ ኃላፊ «ኮድህን አስተካክል» ከማለት በቀር ሰርቨሩን እንዳይ አልፈቀዱልኝም፤ ወርከሩን በሲስተምዲ (በሊኑክስ የአገልግሎቶች አስተዳዳሪ) ሪስታርት አድርጉልኝ ስላቸው ያደርጋሉ፣ ለውጥ የለም፣ ጥፋቱ ተመልሶ እኔው ላይ ይለጠፋል።

ደጅ ጠንቼ አጠገባቸው ስቀመጥ በሥራ ላይ ያሉ ወርከሮችን የሚያሳየውን የሴለሪን የስታተስ ትዕዛዝ አስጻፍኳቸው። ከአንድ የኖድ (የወርከር) ስም ከአንድ በላይ መልስ መጣ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ሌላ ወርከር እንዳለ ለማወቅ ለእኔ ይህ በቂ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ቲመክስ (ተርሚናሉ ቢዘጋም ፕሮግራም እንዳይቆም የሚያደርግ መሣሪያ) ውስጥ በእጁ ያስነሣው ወርከር ከአሮጌ የፕሮጀክቱ ቅጂ ላይ ሆኖ ያንኑ የሬዲስ (ሥራዎቹ ተራ የሚጠብቁበት ማከማቻ) ወረፋ ከአዲሱ ጋር ይሻማ ነበር። አንድ ታስክ (ወርከር የሚፈጽመው ሥራ) የሚደርሰው ለአንድ ወርከር ብቻ ስለሆነ፣ ቀድሞ ያነሣው በራሱ ኮድ ይልከዋል። ሲስተምዲ ደግሞ ራሱ ያስነሣውን እንጂ ሌላውን አይነካም። እኔ በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ መብራቱ ሄድ መጣ ስለሚል እንዲህ ያለ ወርከር በራሱ ጊዜ ሞቶ ይቀር ነበር፤ መጋዘኑ ግን ጄኔሬተርና ዩፒኤስ ስላለው ሰርቨሩ ጠፍቶ አያውቅም። ኃላፊው ወራት ሙሉ ያላዩትን በአንድ ትዕዛዝ ሳሳያቸው «እሺ» ከማለት ሌላ አልተናገሩም።

እርስዎም ፒኤስ (የሚሠሩ ፕሮሰሶችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ላይ ሴለሪ የሚል ፕሮሰስ ሁሉ ፈልገው እያንዳንዱ ከየትኛው ፎልደር እንደተነሣ ይመልከቱ። አሮጌውን ሲያገኙት በኪል 9 (ፕሮሰስን ወዲያው በግድ በሚዘጋው ትዕዛዝ) አይግደሉት። እኚህ ኃላፊ ቆይ ሳልላቸው በኪል 9 ስለዘጉት፣ ወርከሩ ቀድሞ ይዟቸው የነበሩ ያልተጀመሩ ታስኮች ሬዲስ ላይ ታግደው ቆዩ። መደበኛው የጥበቃ ጊዜ 1 ሰዓት ስለሆነ ወደ ወረፋው የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጭነው ለወጡ ሾፌሮች «በዚህ በር ግቡ» የሚል መልእክት ደረሳቸው፣ ስልኩም የተደወለው ለእኔ ነው። ተርም (በሥርዓት ዝጋ የሚል) ሲግናል ከላኩለት በሥራ ላይ ያለውን ጨርሶ፣ ያልጀመረውን ለወረፋው መልሶ ይወጣል። ከዚያ ወርከሮቹን በሙሉ በሲስተምዲ ስር ያድርጓቸውና በኤን (-n) አማራጭ ለእያንዳንዱ የተለያየ ስም ይስጡ። ካልተስተካከለ የስታተሱን ውጤት እዚሁ ይለጥፉት፣ አየዋለሁ።