«አታልቅሽ» ያልኳት እናት

የእናቱ አርባ በወጣ ማግስት አንድ የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣ። ቡና እየቆላሁ ነበር። ዝም ብሎ ተቀመጠና «ሲስተር፣ እስካሁን ሌሊት ሌሊት አለቅሳለሁ። እምነቴ ጎድሎ ነው?» አለኝ። ጓደኞቹ «ክርስቲያን እንዲህ አያለቅስም» ብለውታል።

አልመለስኩለትም። ቡናው እጄ ላይ አረረ። ዛሬ ለእሱና ለእኩዮቹ የምጽፈው ያን ቀን ቃል ስላጠረኝ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ገና ነርስ ሆኜ ሥራ መጀመሬ ነበር። ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት ተረኛ ነኝ። ከላይ አርማጭሆ አንድ ልጅ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ማጅራት ገትር ነበር። አንገቱ እንጨት ሆኗል፤ ትኩሳቱ እጅ ያቃጥላል። መንገዱ ርቆባቸው ዘግይተዋል። መድኃኒቱን ሰጠነው። ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ።

እናቱ ጮኸች። በጩኸቷ መሀል አንድ ነገር ትደጋግማለች። «ፍትሐት በሌለበት ሳምንት! በር በተዘጋበት ሳምንት ልጀን ወሰደብኝ!» ይህን የማታውቁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሕማማት ፍትሐት፣ ማለትም ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎት፣ አይደረግም፤ ካህናትም መስቀል አያሳልሙም። ከሞቱ በላይ ያንገበገባት ይሄ ነበር።

እኔ ትከሻዋን ያዝኩና «እናቴ፣ አታልቅሽ። እግዚአብሔር የሚወደውን ነው የሚወስደው። እምነት ያለው ሰው እንዲህ አይሆንም» አልኳት። እውነቱን ልናገር፣ ሌሎቹ ሕሙማን እንዳይረበሹም ፈልጌ ነው።

ወዲያው ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ዝም አለች። እኔም ያጽናናኋት መስሎኝ ወረቀት ልሞላ ሄድኩ።

ስመለስ አንድ ሽማግሌ ቄስ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ወንድማቸውን ሊያስታምሙ የመጡ ናቸው። መስቀላቸው አልወጣም፤ ሳምንቱ አይፈቅድማ። በእጃቸው ምንም የለም። አቀርቅረው ያለቅሳሉ። የማያውቁት የሰው ልጅ ነው፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። እንዲህ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጅሽ ያለ ፍትሐት አልሄደም። እሑድ እኮ ሆሣዕና ነበር። በዚህ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ ያን ቀን ተፈትቷል። ለእሱም ደርሶታል» አሏት።

ነጠላውን ከአፏ አወጣች። ያኔ ለቅሶ አለቀሰች። እሳቸው ዝም በይ አላሏትም።

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። እስካሁን የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? የሆሣዕናውን ፍትሐት አውቀዋለሁ። ከሁለት ቀን በፊት ዘንባባ ይዤ፣ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። የምትፈልገው ቃል እኔ ዘንድ ነበር። ቁጣ የመሰለ ምክር ሰጠኋት እንጂ ያን አልሰጠኋትም። ረፋዱ ላይ በዚያው ቃሬዛ ልጇን ይዘው ወጡ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም።

መጽሐፈ ኢዮብን ብዙ ሰው «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሳ» እስከሚለው አንብቦ ይዘጋዋል። ያ ገና ምዕራፍ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ አምላኩን ተሟግቷል። ጓደኞቹ ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ደግ ሥራቸው ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ተበላሸ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው። ጌታም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል።

ጎንደሬ ሁሉ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ነገር ያውቃል። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ንብ ወጥቶ አዳነው ይባላል። እኔም አምናለሁ። ግን ከአርባ አራቱ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ተቃጥለዋል። እዚያ ሲጸልዩ የነበሩት እምነታቸው አንሶ ነው? አይመስለኝም። አሁን አሁን የምሰማው ምስክርነት ሁሉ የንብ ነው። ከበሽታ ዳንኩ፣ ቪዛ ተመታልኝ፣ ሥራ ገባሁ። ቤተ ክርስቲያኑ የተቃጠለበት ሰው የት ሄዶ ይናገር?

እናንተንም አልደብቃችሁም፤ ለቅሶ መድረስ ትታችኋል። ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ጽፋችሁ፣ ጥቅስ ለጥፋችሁ ታልፋላችሁ። ሰው ቤት ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብዳችኋል። እኛ በልጅነታችን ንፍሮ እየቆረጠምን ቁጭ ማለትን ከእናቶቻችን ነው የተማርነው። አያቴ የደንቢያ ሴት ነበረች። ወባ ሦስት ልጆቿን ወስዶባታል። ጠዋት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ስትሰግድ ስማቸውን አንድ በአንድ ትጠራ ነበር። አንዳንድ ቀን እያለቀሰች፣ አንዳንድ ቀን «ምነው ጌታዬ» እያለች። መስገዱን ግን አልተወችም። እኔ እምነት የምለው እሱን ነው።

ጥቅስ አትስጡ ማለቴ ነው? እንጃ። ባለቤቴ ሲሞት ለወራት መጸለይ አቅቶኝ ነበር። ሥላሴ ገብቼ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት አያለሁ፤ ሁሉም ዓይናቸውን ከፍተዋል፤ እኔ ቃል የለኝም። በዚያ ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» የሚለውን መዝሙር በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ጌታ በመስቀል ላይ ያለው ቃል ነው። ያ ጥቅስ ነው ያቆመኝ። እሷ ግን ከመስጠቷ በፊት ሳምንት ሙሉ አብራኝ አድራለች።

አንተ ልጅ፣ እምነትህ አልጎደለም። የምታለቅሰው ለእናትህ ነው፤ የምታለቅስበትም አምላክ ይሰማሃል። ለሚመጣው ሆሣዕና አብረን እንሂድ። ፍትሐቱ ሲደርስ ከጎኔ ትቆማለህ። አንተ የእናትህን ስም ታስባለህ። እኔ የዚያን ልጅ ስም ስለማላውቀው እስካሁን «የአርማጭሆው» እያልኩ ነው የማስበው።