ተማሪዎቼን ማመስገን እንዴት ላለማምዳቸው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ኮልፌ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። 52 ልጆች አሉኝ። ዘንድሮ ማመስገንን ላለማምዳቸው ብዬ አርብ አርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል የሚያመሰግኑበትን ሦስት ነገር አስጽፋቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሏቸው ነበር። አሁን ግን ሁሉም «ፈጣሪዬን፣ እናቴን፣ መምህሬን» ብለው ይጽፋሉ። አንዱ ከአንዱ ይገለብጣል። ባለፈው ደግሞ አንዲት ልጅ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። ለምን ስላት «እኔ የለኝም» አለችኝ። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። በጣም ከነከነኝ። ልተወው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?
መምህርት ሰ.

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። ጥያቄውን ግን ቀይሪው።

አስቀድሜ ስለዚያች ልጅ ላንሳ። «የምታመሰግኑበትን ጻፉ» ሲባል ብዙ ልጅ የሚሰማው «ያላችሁን ቁጠሩ» የሚለውን ነው። አጠገቧ የተቀመጠው «አባቴ አዲስ ጫማ ገዛልኝ» ብሎ ሲጽፍ እሷ ምን ትጻፍ? እንደ ሌሎቹ ገልብጣ ማለፍ ትችል ነበር፤ እሷ ግን እውነቷን ነገረችሽ። አትጫኛት። ለብቻዋ አግኝተሽ ስለ ቤቷ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ ቀስ ብለሽ ጠይቂያት፤ ሌላ የሚያስጨንቃት ነገር ሊኖር ይችላል። ወረቀቶቹን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ካለ ደግሞ ይቅር። ማርክም አይያዝበት።

አሁን ወደ ዘዴው። መዘርዘር ከንቱ ነው እያልኩሽ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄፍሪ ፍሮህና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ 221 የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘው ባደረጉት ጥናት፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የሚያመሰግኑበትን የጻፉት ልጆች ትምህርት ቤታቸውን ይበልጥ ወደውት ተገኝተዋል። እነዚያ ግን ካንቺዎቹ ከፍ ያሉ ናቸው። ለትንንሾቹ የሚሆነውን እነፍሮህ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ጥናት አሳይተዋል። ከ8 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆችን ሦስት ነገር እንዲያስተውሉ አስተማሯቸው፦ ሰውዬው አስቦበት ነው ያደረገልኝ? ምን አስከፈለው? እኔስ ምን ተጠቀምኩ? ልጆቹ ይህን ማየት ሲለምዱ ምስጋናቸውም ጨመረ።

እኔ ከሦስቱ በጣም የምወደው መካከለኛውን ነው። ልጅ ድካምን ካላየ ምን ብሎ ያመሰግናል?

ሩቅ አትሂጂ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ከተጀመረ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ልጆቹ በየቀኑ የሚበሉትን የሚያበስሉ መጋቢ እናቶች እዚያው ግቢ ውስጥ አሉ። ስማቸውን የሚያውቅ ተማሪ ስንት ነው? አንዷን አስፈቅደሽ ለአሥር ደቂቃ ክፍል አስገቢያቸው። ንግግር አያድርጉ፤ ልጆቹ ይጠይቋቸው። እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ «ሽንኩርት ሲልጡ ያለቅሳሉ?» ብሎ ጠየቀ። «ሽንኩርቱንስ ለምጄዋለሁ፣ የኔ ጌታ፤ ጭሱ ነው የሚያስለቅሰኝ» አሉት። ሌላዋ ስንት ሰዓት እንደሚነሡ ጠየቀች። «ገና ሳይነጋ ነው፤ የራሴን ልጆች ቁርስ ጎረቤት ናት የምታበላልኝ» ሲሉ ክፍሉ ጸጥ አለ። በማግስቱ ያ ልጅ የበላበትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ አልሄደም፤ አንሥቶ እጃቸው ላይ ሰጣቸው። ማንም አላዘዘውም።

ከዚያ በኋላ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር አታስጽፊ። አንድ ሰው ይበቃል። ማን ነው፣ ምን አደረገልኝ፣ ለዚያ ሲል ምን ደከመ። ከቤት መሆን የለበትም። በር የሚከፍቱት ጋሼ፣ እርሳስ ያዋሰው ጓደኛ፣ ሻንጣ የያዘላት ልጅ ይሆናል። እናትም አባትም የሌለው ልጅ የሚጽፈው አያጣም። በየሳምንቱም ባይሆን ግድ የለም፤ በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን አይሰለቻቸውም። መጻፍ የሚከብደው ይሳል። ለእንቁጣጣሽ አበባ ስለው በየጎረቤቱ የሚያድሉ ልጆች አይደሉም እንዴ! ያንኑ ሥዕል ለዘበኛውም ለጽዳት ሠራተኛዋም ይውሰዱላቸው። ዋናው ነገር ወረቀቱ ለባለቤቱ መድረሱ ነው፤ መሳቢያሽ ውስጥ ከቀረ የቤት ሥራ ሆነ ማለት ነው። የኛ ሰው «ላደረገልህ አድርግለት ወይም ንገርለት» ይላል። መመለስ የማይችል ሕፃን መንገር ይችላል።

አፋቸውን ፈትተው «አመሰግናለሁ» ባይሉ ግን አትዘኚ። ብዙዎቹ ያደጉት በሁለት እጅ መቀበልን፣ ዝቅ ብሎ እጅ መንሣትን ሲማሩ ነው። እሱም ምስጋና ነው። ቃሉን ካንቺ ይስሙት። «ጎበዝ!» ብቻ አትበዪ። «ሳላዝሽ ሰሌዳውን ስላጠፋሽልኝ ቶሎ ትምህርት ጀመርን፤ አመሰግናለሁ» በያት። የትኛው ሥራዋ እንደጠቀመሽ ትለየዋለች።

አንድ ነገር አደራ። ልጅ ሲያማርር በምስጋና አፉን አታስይዢው። «መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም» ያለችን ልጅ «ትምህርት ቤት ያላገኙ አሉ፣ አመስግኚ» ማለት ግፍ ነው። እንዲያ የተባለች ልጅ ሁለተኛ ችግሯን አትነግርሽም። ይልቅ ለርዕሰ መምህሩ አብራችሁ ደብዳቤ ጻፉ፤ ልጆቹ ይፈርሙበት። ውሃው የመጣ ዕለት ደግሞ ማን እንደሮጠበት፣ ቧንቧውን ማን እንደሠራው ጠይቃችሁ ድረሱበት፤ የዚያ ሳምንት ወረቀት ለእነሱ ይሁን።